የደም ቅዳ መነፋትና የባክቴሪያ ድርሻ

ወሎ ሰፈር ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ እኛ ከተከራየንበት ግቢ በር ፊት ለፊት አንድ ጎሚስታ አለ። ጧት ጧት ወደ ስድስት ኪሎ ለመሄድ ስንወጣ፣ ታክሲ እስክናገኝ ድረስ ሥራውን ቆመን እናያለን። አንድ ቀን ከሚኒባስ ጎማ ውስጥ ያወጣውን ከመነዳሪ ነፍቶ በውኃ ገንዳ ውስጥ ሲያዞረው፣ በአንድ ወገኑ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ብቅ አለ። ጎሚስታውም አየሩን አስተንፍሶ ከመነዳሪውን ወደ ጥግ ወረወረው። «ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ እለጥፈው ነበር፤ ይኼ ግን ላስቲኩ ራሱ ሳስቷል። አንዴ ከተነፋ በዚያው እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይመለስም» አለን።

ይህ ሰው እግረ መንገዱን የነገረን ነገር፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ግቢያችን ለደረሰ መከራ መግለጫ ሆኖ ተገኘ። የአከራያችን ልጅ፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ወጣት፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ትኩሳት ሲመላለስባት ቆይቶ አንድ ሌሊት ብርቱ ራስ ምታት ያዛት፤ ሲነጋም ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፣ ንግግሯም ተኮላተፈ። እናቷ ልጃቸውን ሆስፒታል አስተኝተው ማታ ሲመለሱ በሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው አሳዩን። «እናንተ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ አይደላችሁም እንዴ ልጆቼ? አኒውሪዝም ማለት ምን ማለት ነው? ጀርም ነው ያመጣው አሉኝ። ጀርም ደግሞ ሥር ይነፋል?» ብለው ጠየቁን።

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነንና አፋችን ተያዘ። «ነገ ጠይቀን እንነግርዎታለን እማማ» ከማለት በቀር የመለስነው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ቤተ መጻሕፍት ገብተን፣ የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችንንም አስቸግረን ያገኘነውን ለእርሳቸው በቃል ነገርናቸው፤ ለእናንተ ለጓደኞቻችን ደግሞ በዚህ መጽሔት እነሆ። መጽሔታችን በማባዣ የሚወጣ በመሆኑ ሥዕል አይስማማውምና አንባቢው የጎሚስታውን ከመነዳሪ በዐይነ ሕሊናው ይዞ ይከተለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከልብ የሚወጣው ደም የሚሄድበትን ቧንቧ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለስበትን ደም መልስ እንለዋለን። ከደም ቅዳዎች ሁሉ ታላቁ አኦርታ ነው፤ ከልብ ወጥቶ ወደ ላይ ከተቀለሰ በኋላ በደረትና በሆድ ወርዶ እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። የደም ቅዳ ግድግዳ ሦስት ድርብ ነው። ከውስጥ ለስላሳ ገበር አለው፤ ከውጭ ጠንካራ ሽፋን አለው፤ በመካከል ደግሞ ጡንቻና እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ክር ይገኛል። ልብ በመታ ቁጥር ግድግዳው ይለጠጣል፣ ተመልሶም ይሰበሰባል፤ ይህም በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ያ የሚለጠጥ ክር አብዛኛው የሚፈተለው በልጅነት ነው። ከተበላ በኋላ ሰውነት ቀድሞ እንደ ነበረው አድርጎ አይፈትለውም።

አኒውሪዝም የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን መስፋት ማለት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የደም ቅዳ መነፋት» ብለነዋል፤ «እብጠት» ብንለው ከዕባጭ ጋር ይምታታል ብለን ነው። ግድግዳው በአንድ ቦታ ሲሳሳ በውስጡ ያለው የደም ግፊት ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ቦታውም ይነፋል። በፈረንሳዊው ሊቅ በላፕላስ ስም የሚጠራው ሕግ እንደሚያስረዳው፣ ግፊቱ ሳይጨምር ቧንቧው በሰፋ ቁጥር ግድግዳው የሚሸከመው ጭነት እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ የተነፋው ይበልጥ ይነፋል፣ ይበልጥ የተነፋውም ይበልጥ ይሳሳል። ጎሚስታው ላፕላስን ባያውቀውም ሕጉን ዐውቆታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ማለፍ አለብን። በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው የሆድ አኦርታ መነፋት ከጀርም የመጣ ነው ተብሎ አይታመንም። ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች፣ ከሁሉም በላይ በሲጃራ አጫሾች ላይ ይታያል። በሆድ ውስጥ ያለው አኦርታ ስፋቱ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሲደርስ ተነፋ ይባላል፤ በወንዶች 5.5 ሴንቲሜትር ሲሞላ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ጥገና ይመክራሉ። አልበርት አይንሽታይን የሞተው በዚህ ነው። በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የሚባል ቀዶ ሐኪም ሆዱን ከፍቶ የተነፋውን አኦርታ በሴሎፌን ጠቀለለለት፤ እርሱም ከስድስት ዓመት በላይ ኖረበት። በ1955 ቧንቧው ሲፈነዳ ሌላ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ብሎ ዐረፈ።

የአከራያችን ልጅ ግን አሮጊት አይደለችም፣ ሲጃራም በአፏ አልዞረም። የእርሷ ነገር ሌላ ዐይነት ነው፤ ታሪኩም ይበልጥ የሚገርም ሆኖ አግኝተነዋል።

በ1885 ዊልያም ኦስለር የተባለ ካናዳዊ ሐኪም ለንደን በሚገኘው የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ፊት ስለ ልብ በሮች ቁስል ተከታታይ ንግግር አሰማ። ከዚያም አንዱን ታሪክ አነሣ፤ የሰውዬው የልብ በር በጀርም ተበልቶ፣ የአኦርታው ቅልስም በበርካታ ቦታ ተነፍቶ ተገኝቷል። ኦስለር ሁለቱን ነገሮች አያይዞ አየና፣ የልቡ በር ቁስል የቧንቧውን ግድግዳ እንዳጠፋ ተናገረ። ለዚህም ዐይነቱ መነፋት «ማይኮቲክ» የሚል ስም ሰጠው። ማይኬስ በግሪክ እንጉዳይ ማለት ነው፤ በልብ በር ላይ የሚበቅለው ነገር እንጉዳይ ስለሚመስል ነው። በዚያ ዘመን የጀርሞች አከፋፈል ገና አልጠራም ነበርና ቃሉ አያስነቅፈውም። ዛሬ ግን ቃሉን የሚሰማ ሁሉ በሽታው ከሻጋታ የመጣ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ግን ባክቴሪያ ነው። አንድ ስም ከተሰየመ ከመቶ ዓመት በላይ ተማሪ ሲያሳስት መኖሩ ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚያስገርም አይደለም።

እንግዲህ ነገሩ ወደ አገራችን የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በሀብታሞቹ አገሮች የልብ በር ቁስል ይበልጥ የሚታየው በሽማግሌዎችና ሰው ሠራሽ የልብ በር በተገጠመላቸው፣ ደግሞም አደንዛዥ መድኃኒት በመርፌ በሚወስዱ ላይ ነው። በእኛ አገር ግን ወጣቶችን ይይዛል፤ መነሻውም ሁላችንም የምናውቀው ቶንሲል ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጅን ጉሮሮ ያቆስላል። ጉሮሮው በሳምንት ይድናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጀርሙን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት ሠራዊት ወዳጅና ጠላት መለየት አቅቶት የገዛ መገጣጠሚያውንና የገዛ ልቡን ያጠቃል፤ ልጁ ጉልበቱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ቁርጥማት ነው ይባላል፣ ያልፋል። የልብ በሮች ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይኸው ነው።

ጠባሳ ያለበት የልብ በር ለሌላ ጀርም ማረፊያ ይሆናል። ከአፍ፣ ከጥርስ ሥር ወይም ከቆዳ ቁስል ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ በጤነኛ ልብ ውስጥ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ሻካራ በር ካገኘ ግን ይጣበቃል፣ ይራባል፣ ኦስለር እንጉዳይ ያለውን ነገር ያበቅላል። ከዚያም ከእንጉዳዩ ቁራሽ እየተቀነጠሰ በደም ይጓዛል። ወደ አንጎል የሄደው ቁራሽ ቧንቧው እየቀጠነ በሚሄድበት ሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ይወሸቃል። ሲወሸቅ ደም ይዘጋል፤ የአከራያችን ልጅ እጅ የሰነፈው በዚህ ነው። መዘጋቱ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ ቁራሹ ግን ሕያው ባክቴሪያ የተሸከመ ነውና ካረፈበት ቦታ ግድግዳውን መብላት ይጀምራል።

አበላሉም እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ራሱ የሚያመነጨው አጥፊ ነገር አለው፤ ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚጎዳው የሚከላከለው ወገን ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙን ለመግደል ሲጎርፉ ሥጋን የሚያሟሙ ኬሚካሎች ይረጫሉ፤ እነዚህም ጀርሙንና የቧንቧውን ተለጣጭ ክር አንድ ላይ ያሟሟሉ። ሌባ ለመያዝ ሲሉ ቤቱን እንደ ማፍረስ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ጀርም ያመጣው መነፋት እንደ አይንሽታይኑ ዓመታት አይጠብቅም፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይወጣል፤ ቅርፁም ቧንቧውን ዙሪያውን ከማስፋት ይልቅ በአንድ ጎን እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስቱም ድርብ ተበልቶ ያለቀ ሲሆን ደሙን የያዘው በዙሪያው ያለው ሥጋ ብቻ ነው። ከፈነዳም የሚሆነው የታወቀ ነው።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ልቧ እንደታመመ ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሐኪም በየአራት ሳምንቱ የምትወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ አዝዞላት ነበር፤ ለትልቅ ሰው 1.2 ሚሊዮን ዩኒት የሚሰጠው ያ ነጭ ወተት የሚመስል፣ ሲወጋ ዳሌ የሚያደነዝዝ መርፌ ነው። ሥራውም ቶንሲሉ እንዳይመለስና ልብ ላይ ሌላ ጠባሳ እንዳይጨመር መከላከል ነው። አምስት ዓመት ያለ መቋረጥ ተወጋች። ባለፈው ዓመት ግን የምትወጋበት የሕክምና ቤት «ይህን መርፌ መስጠት አቁመናል፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ» አላት። ሌላ ሁለት ቦታ ሄዳ እንዲሁ መለሷት። በመካከሉ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ አመማት። ትኩሳቱ ሲጀምራትም ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብላ የአምስት ቀን ክኒን ተሰጣት፤ ተሻላት፤ ተመለሰባት፤ ሌላ ክኒን ተሰጣት። የልብ ሕመምተኛ መሆኗን የጠየቃት የለም፤ እርሷም አልተናገረችም።

ይህ ግማሽ ክኒን ምን እንዳደረገ መግለጽ ተገቢ ነው። የልብ በር ቁስል የሚታወቀው በዋናነት ደም ተወስዶ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እንዲበቅል ሲደረግና ልብ በአልትራሳውንድ ሲታይ ነው። አስቀድሞ ጥቂት ጸረ ባክቴሪያ የዋጠ ሰው ደም ውስጥ ያለው ጀርም ይደበቃል እንጂ አይሞትም፤ ላቦራቶሪውም ምንም አላበቀለም ይላል። ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት እንደሚመርጥ ሳያውቅ በግምት ለመሄድ ይገደዳል። የልጅቱም ውጤት ሁለት ጊዜ ባዶ ሆኖ ተመልሷል፤ በሽታዋ የተገኘው በአልትራሳውንድና በአንጎል ሲቲ ስካን ነው።

የሕክምና ቤቶቹ ፍርሃት ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ስለ ሐቁ እንናገር። መርፌውን ተወግተው ወዲያው የሞቱ ሰዎች ስለ መኖራቸው ይወራል፤ ባለሙያውም እንዳይከሰስ ይሰጋል። እንዲህ ያለው ሞት ሁሉ በፔኒሲሊን አለርጂ ይሳበብ ነበር። በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር ግን፣ ከእነዚህ ሞቶች ብዙዎቹ የልባቸው በር እጅግ በተጎዳ ሕመምተኞች ላይ በሕመሙና በድንጋጤ ልብ ሲዝል የሚደርሱ ይመስላል ተብሏል፤ ለእንዲህ ዐይነቶቹም በመርፌ ፈንታ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ ተመክሯል። ለቀሩት መርፌው ይቀጥላል። እንግዲህ ነገሩ ሕመምተኛውን ለይቶ ማወቅን የሚጠይቅ ነው፤ ሁሉንም በአንድነት ከበር መመለስ ግን ለይቶ ማወቅ አይደለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ሁሉ የታወቀ መሆኑ ነው። በየካቲት 2015 እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከወሎ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በአፍሪካ ኅብረት ጥሪ፣ የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉሩ ለማጥፋት ሰባት ነገሮች እንዲደረጉ ወስነዋል። «የአዲስ አበባ መግለጫ» ተብሎ በከተማችን ስም ይጠራል። ከሰባቱ አንዱ ያ መርፌ በጥራትና በበቂ መጠን እንዲገኝ ማድረግ ነው። በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ በሽታ ላይ ውሳኔ አሳለፈ። በበኩላችን በአገር ቤት የተሠራውንም መካድ አይገባም። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት ልብ ፈንድ ለዓመታት ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማእከል ከፍቷል። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ልጅ ቁጥር ከማእከሉ አቅም በላይ ነው፤ የመርፌው ዋጋ ደግሞ ከአንድ የልብ ቀዶ ሕክምና ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ እንጥል ማስቆረጥ አንድ ቃል እንበል። በየቤታችን ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን የሚቆርጥ ባለሙያ የሚጠሩ አሉ። እንጥል ተቆረጠም ቀረም ባክቴሪያው በጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ ያልተቀቀለው ምላጭ ግን ሌላ ጀርም ወደ ደም ሊያስገባ ይችላል።

ጀርም ወደ ደም ቅዳ የሚደርስበት መንገድ የልብ በር ብቻ አይደለም። በዕድሜ ብዛት ውስጡ በስብ ተሸፍኖ የሻከረ አኦርታ ለደም ወለድ ባክቴሪያ እንደ ልብ በር ጠባሳ ማረፊያ ይሆናል። በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሣው ሳልሞኔላ ነው፤ ከጥሬ ሥጋ፣ በደንብ ካልበሰለ እንቁላልና ከቆሸሸ ውኃ የሚገኘው። ለወጣት አንባቢዎቻችን ቁርጥ ተከልክሏል ማለታችን አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ከተቅማጥ በኋላ ትኩሳትና የጀርባ ሕመም ካልለቀቀው ግን ሐኪሞች አኦርታውን ማየት እንዳለባቸው መጻሕፍቱ አጥብቀው ይናገራሉ። ሦስተኛው መንገድ ጉርብትና ነው። የሳምባ ነቀርሳ ወደ አከርካሪ አጥንት ሲወርድ፣ አኦርታ ከአከርካሪው ፊት ተለጥፎ የሚያልፍ ነውና እሳቱ ወደ እርሱ ይዛመታል። በሳምባ ውስጥ ደግሞ ነቀርሳው በቦረቦረው ጎድጓዳ ግድግዳ ላይ የምታልፍ ደም ቅዳ ልትነፋ ትችላለች፤ በ1868 ይህን የገለጸው ራስሙሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ስለ ሆነ በስሙ ይጠራል። ነቀርሳ ያለበት ሰው በድንገት ብዙ ደም የሚተፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኢትዮጵያ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች ተርታ ናትና ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። አራተኛው መንገድ በቀጥታ በቧንቧው ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ጩቤ፣ ጥይት፣ ንጹሕ ያልሆነ መርፌ።

አሁን ወደ ቂጥኝ እንለፍ፤ የባክቴሪያና የአኒውሪዝም ዝምድና በታሪክ መጀመሪያ የተጠረጠረው በእርሱ ነውና። በ16ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በቂጥኝ የታመሙ ሰዎች ደም ቅዳቸው እንደሚነፋ ጠቅሶ ነበር። የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ሐኪም የነበረው ላንቺዚ ከሞተ በኋላ በ1728 በታተመለት መጽሐፍ ነገሩን አስፍቶ ጽፎ «የፈረንሳይ አኒውሪዝም» አለው። ፈረንሳዮች ቂጥኝን የኔፕልስ በሽታ፣ ኢጣሊያኖች ደግሞ የፈረንሳይ በሽታ ይሉት ነበርና ስሙ ከሕክምና ይልቅ የጎረቤት ጠብ ይመስላል። ሆኖም ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ነገሩን አልተቀበሉትም፤ መነፋቱ ከሥራ ድካምና ከመጠጥ፣ በወታደር ላይም ደረትን ከሚያጠብቅ ልብስና ትጥቅ የመጣ ነው ይሉ ነበር። በ1870ዎቹ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ፍራንሲስ ዌልች የሞቱ ወታደሮችን መርምሮ ጥፋቱ የቂጥኝ መሆኑን ተከራከረ። በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን በርሊን ላይ የቂጥኝን ባክቴሪያ አገኙት፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ጠመዝማዛ ጀርም በአኦርታ ግድግዳ ውስጥ ታየ፤ ክርክሩም አበቃ።

የቂጥኝ አሠራር ከላይ ከተናገርነው የተለየ ነው። የአኦርታ ግድግዳ ወፍራም ስለ ሆነ ውጫዊው ክፍሉ ደም የሚያገኘው በውስጡ ከሚያልፈው ሳይሆን በላዩ ከተዘረጉ ጥቃቅን ሥሮች ነው። ቂጥኝ እነዚህን ሥሮች ያጠባቸውና ይዘጋቸዋል፤ ግድግዳው በረሃብ ይሞታል፤ ገበሩም እንደ ዛፍ ቅርፊት ይሸበሸባል። ይህም ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ይወስዳል። ሰውየው የወጣትነቱን ቁስል ፈጽሞ ረስቶ፣ ልጅ ወልዶ ድሮ፣ ከዚያ ነው ደረቱ ውስጥ ያለው አኦርታ የሚነፋው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ተቀምጦ ፋርማሲ የከፈተው፣ ስለ አገራችንም በፈረንሳይኛ መጻሕፍት የጻፈው የጆርጅያ ተወላጅ ሐኪም ሜራብ ቂጥኝ በከተማው እጅግ ተሰራጭቷል ብሎ ጽፏል። የእርሱ ዘመን ሐኪሞች ቁስል ሁሉ ቂጥኝ ይመስላቸው ነበርና አባባሉን እንዳለ መዋጥ አይገባም እንላለን። ግን ፍልውኃ የሚገቡት በሽተኞች ብዙ እንደ ነበሩ ጥርጥር የለውም፤ ፍል ውኃም የቆዳውን ቁስል ቢያስታግስ በአኦርታ ግድግዳ ያደፈጠውን አይነካውም። ያን የሚነካው ፔኒሲሊን ሲመጣ የቂጥኝ አኒውሪዝም ከዓለም ሆስፒታሎች እየራቀ ሄደ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቂጥኝ ተደብቆ አሥር ዓመት ግድግዳ መብላት ከቻለ፣ የአይንሽታይን ዐይነቱ የተለመደው መነፋትስ ያልታወቀ ጀርም ሊኖርበት አይችልምን? ሊቃውንቱ ይህን በእውነት ጠይቀዋል። ለመጠየቅም ድፍረት የሰጣቸው የጨጓራ ታሪክ ነው። ጨጓራ ከጭንቀትና ከቃሪያ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1980ዎቹ ዎረንና ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራልያውያን ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲያችን «የጨጓራ ባክቴሪያ» ያልተመረመረ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል።

ለደም ቅዳ የተጠረጠረው ሳል የሚያመጣ ክላሚድያ ኒሞንዬ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። በ1988 የፊንላንድ ሊቃውንት የልብ ድካም በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ምልክቱን አገኙ፤ በ1992 በደቡብ አፍሪካ በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ራሱ ታየ፤ ቀጥሎም በተነፉ አኦርታዎች ውስጥ ተገኘ ተባለ። እንግዲያስ ጸረ ባክቴሪያ ቢሰጥ መነፋቱ መቆም አለበት። በ2001 በዴንማርክ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አዎን የሚል ሆነ። በ2009 በስዊድን በሌላ መድኃኒት የተደረገው ግን አይደለም አለ። በ2020 ደግሞ ከአሜሪካ ትልቁ መልስ መጣ፤ ትንሽ መነፋት ያለባቸው ወደ 250 የሚጠጉ ሰዎች ግማሾቹ ዶክሲሳይክሊን፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ሁለት ዓመት ዋጡ፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ዶክሲሳይክሊን የተመረጠው ጀርም ስለሚገድል ብቻ ሳይሆን ያን ክር የሚያሟሟውን ኬሚካል ስለሚገታ ጭምር ነበርና ውጤቱ ብዙዎችን አሳዝኗል። የድድ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ርዝራዥም በተነፉ ቧንቧዎች ውስጥ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በወንጀል ቦታ የተገኘ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም፤ የፈረሰ ቤት ውስጥ ገብቶ ያደረ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። የእኛ አስተያየት ከተጠየቀ፣ ባክቴሪያ የታወቀ ጥፋተኛ የሆነው በኦስለርና በቂጥኝ ዐይነቶቹ ነው፤ በተለመደው ላይ ክሱ ገና አልተረጋገጠም። በምዕራቡ ዓለም ከአኦርታ መነፋት በጀርም የሚመጣው ከመቶ አንድ ያህል ነው ይላሉ። ያ ቁጥር የተቆጠረው ግን ሽማግሌ በበዛበትና ሩማቲክ ልብ በጠፋበት አገር መሆኑን አንርሳ።

ሕክምናው ሁለት ክንድ አለው። አንደኛው በደም ሥር የሚሰጥ ጸረ ባክቴሪያ ነው፤ ሳምንት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሁለተኛው የተበላውን ቧንቧ ቆርጦ ማውጣት ወይም ከውስጥ መዝጋት ነው። በአኦርታ ላይ የደረሰው በመድኃኒት ብቻ የሚድንበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአንጎል ቅርንጫፍ ላይ ያለው፣ ካልፈነዳ፣ በመድኃኒት ብቻ የሚከስምበት ጊዜ ስላለ ሐኪሞቹ በየጊዜው ፎቶ እያነሡ ይጠባበቃሉ።

የአከራያችንን ልጅ እንዲሁ ጠበቋት። በስድስተኛው ሳምንት በተነሣው ፎቶ ከረጢቷ አንሳ ተገኘች፤ ከሦስት ወር በኋላ ጨርሳ አልታየችም። ንግግሯ ተመልሷል። እጇ እስክርቢቶ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይደክማል፤ የትምህርት ዓመቱም አምልጧታል። የልቧ በር ጉዳት ለጊዜው መርፌውን የሚከለክል አለመሆኑን ሐኪሟ አይቶ በወረቀት ጻፈላት፤ ያንን ወረቀት ይዘን ከእርሷ ጋር ስንዞር በሦስተኛው ቦታ አንዲት ነርስ አንብባ ተቀበለችን።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ሳናስተውል ቆይተን ነበር። እማማ የመርፌዋን ቀን የሚያስታውሱት በሚካኤል ነበር፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት። የታዘዘው ግን በየወሩ ሳይሆን በየአራት ሳምንቱ ነው፤ የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለ ሆነ በየጊዜው ሁለት ቀን ሲያልፋት ኖሯል። ነርሷ ይህን ስትነግራቸው እማማ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው በሐሙስ እንቁጠረው» አሉ። አሁን በበሩ ጀርባ በከሰል አራት ሐሙስ ይጭራሉ፤ አራተኛው ሲደርስ ከእኛ አንዱ ከክፍል ቀርቶ ልጅቱን ያደርሳታል።